ድሆች አይደሉም፣ ገንዘብ የላቸውም እንጂ

ለንደን ውስጥ ለተሰበሰቡ አማርኛ ተናጋሪ የፊልም ወዳጆች፣ ከፊልም ምሽት በኋላ የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ ወላጆቻችን፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ዝናብ፣ በሥራ ቀን ማታ፣ ባቡርና አውቶቡስ ቀያይራችሁ መጥታችሁ፣ ከተሠራ ሰማንያ ዓመት ያለፈውን፣ «ወዴት እንደምሄድ አውቃለሁ!» የተባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም እስከ መጨረሻው ስላያችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ ወጣቶች፣ ፊልሙ ሲጀመር የስልካችሁ ብርሃን ፊታችሁ ላይ ሲያበራ አይቼ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ነፋሱ ሲነሣ ግን አንድ በአንድ ጠፋ። ቆጥሬአለሁ፤ አልዋሻችሁም።

ሥራዬ የፊልም ኤዲተርነት ነው። ኤዲተር ማለት ሌሎች ደክመው የቀረጹትን ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚቆርጥና የሚቀጥል፣ ስሙም በፊልሙ መጨረሻ ሰው ኮቱን እየለበሰ ሳለ የሚያልፍ ሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው እንደ ሃያሲ ሳይሆን፣ ልብሱን ገልብጦ ስፌቱን እንደሚመረምር ልብስ ሰፊ ነው። ሦስት ነገሮችን አነሣለሁ። አንደኛ፣ ይህ ፊልም እንዴት ተወለደ? ሁለተኛ፣ ሠሪዎቹ ያጡትን ነገር በምን ተኩት? ሦስተኛ፣ ፊልሙ ራሱ ስለ ገንዘብ ምን ይላል? ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህን ፊልም ያገኘሁት በትምህርት ቤት አይደለም። ወደዚህ አገር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሻይ አዳይ ነበርኩ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሪዬን እየገፋሁ ቴሌቪዥን ወዳለበት ክፍል ስገባ፣ ግማሹ ሰው አንቀላፍቷል፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ለራሱ ያወራል። አንዲት ወጣት ሴት አብሯት ላለው ሰው «የዚህ አካባቢ ሰዎች መቼም ድሆች ናቸው» ትለዋለች። ሰውየው ሳይቆጣ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «ድሆች አይደሉም፣ ገንዘብ የላቸውም እንጂ» ብሎ ይመልስላታል። «ያው ነው እኮ» ትላለች። «የለም፣ በጣም የተለያየ ነገር ነው» ይላታል። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝኛ ችሎታዬ ሻይ በወተት ነው ወይስ ያለ ወተት ከማለት ብዙም አያልፍም ነበር፤ ይህን ግን ሰማሁ። ሰምቼም ጋሪዬን ይዤ ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ «ወይ ቁጭ በል፣ ወይ ከቴሌቪዥኑ ፊት ዞር በል» አሉኝ። ቁጭ አልኩ። የዚያን ቀን ሻይ ሳይደርሳቸው የቀሩ ሰዎች ነበሩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ዘግይታችሁ ለገባችሁና ይህን ንግግር በጽሑፍ ለምታነቡ ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ፊልሙ በ1945 ኅዳር ወር ላይ ለሕዝብ ቀረበ። ጆአን ዌብስተር የሃያ አምስት ዓመት ሴት ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትፈልገውን የምታውቅ፣ ፈልጋም የምታገኝ ናት። አሁን የምትፈልገው ሰር ሮበርት ቤሊንጀር የተባለውን የኬሚካል ኩባንያ ከበርቴ ማግባት ነው። ሰውየው በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች መካከል ኪሎራን የምትባል ደሴት ተከራይቶ ይጠብቃታል። ከማንቸስተር በባቡር፣ ከዚያ በጀልባ እየተቀባበሉ ያደርሷታል። የመጨረሻዋ ደሴት ፊት ለፊት ትታያለች፤ የቀረው አንድ መሻገሪያ ብቻ ነው። ነፋስ ይነሣል። ባሕሩ ይዘጋል። ለእረፍት የመጣ አንድ የባሕር ኃይል መኮንን፣ ቶርኪል ማክኒል፣ እሱም ከእሷ ጋር ያንኑ መሻገሪያ ይጠብቃል። የቀረውን ዛሬ አይታችኋል።

ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልግባ። ይህ ፊልም እንዴት ተወለደ? በመጠበቅ ተወለደ። አዎ፣ በመጠበቅ! ስለ መጠበቅ የሚናገረው ፊልም ራሱ የተወለደው ሠሪዎቹ ሌላ ነገር ሲጠብቁ ነው።

ሠሪዎቹ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ማይክል ፓወልና ኤመሪክ ፕረስበርገር። ድርጅታቸውን «ቀስተኞቹ» ብለው ሰየሙት፤ በፊልሞቻቸው መግቢያ ላይ ቀስት የተሰካበት ኢላማ የሚታየው ለዚህ ነው። መጻፉንም፣ ማምረቱንም፣ መምራቱንም በሁለታቸው ስም አንድ ላይ ያስመዘግቡ ነበር፤ በዘመናቸው እንዲህ የሚያደርግ እምብዛም አልነበረም። በ1944 በእጃቸው የነበረው ትልቁ ዕቅድ በቀለም የሚሠራ፣ ከሞትና ከሰማይ ችሎት ጋር የተያያዘ ሌላ ፊልም ነበር። ነገር ግን ጦርነት ነው። ባለ ቀለም ፊልም የሚቀርጹት የቴክኒከለር ካሜራዎች ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በወታደራዊ ሥራ ተይዘዋል። ታዲያ ካሜራው እስኪለቀቅ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው? በጥቁርና ነጭ፣ በትንሹ፣ ቶሎ የሚሠራ አንድ ነገር እንሥራ ተባባሉ።

ፕረስበርገር ለብዙ ጊዜ በልቡ ያኖራት አንዲት ሐሳብ ነበረችው። አንዲት ልጅ ወደ አንድ ደሴት መሄድ ትፈልጋለች፤ በጉዞዋ መጨረሻ ደሴቲቱን በዓይኗ እያየች በማዕበል ምክንያት መሻገር ያቅታታል፤ መሻገር በሚቻልበት ቀን ደግሞ መሻገር አትፈልግም። ይኸው ነው። ፓወል በማስታወሻው እንዳስቀመጠው፣ «ልጅቱ ደሴቲቱ ላይ መድረስ የፈለገችው ለምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ፕረስበርገር «ፊልሙን እንሥራውና እንወቅ» ሲል መለሰለት። ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ጨረሰው። እናንተ ስክሪፕት የምትጽፉ ወጣቶች ይህን ስትሰሙ ዓይናችሁ ፈጠጠ፤ አይዟችሁ፣ ጽሑፉን በአንድ ሳምንት የጻፈው ሰውዬ ሐሳቡን ለዓመታት ይዞት ከርሞ ነው።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ። ፕረስበርገር ማን ነው? ሚሽኮልች በተባለች የሃንጋሪ ከተማ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በርሊን ሄዶ ለፊልም መጻፍ ጀመረ፤ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በ1933 ወደ ፓሪስ ሸሸ፤ በ1935 ለንደን ገባ። እንግሊዝኛን የተማረው በጎልማሳነቱ ነው። ካሜራማኑ ኤርዊን ሂሊየር በርሊን የተወለደ፣ የትዕይንት ሥፍራውን የነደፈው አልፍሬድ ዩንገ ጀርመናዊ፣ ሙዚቃውን የደረሰው አለን ግሬይ ከዛሬዋ ፖላንድ ተነሥቶ በበርሊን የሠራ ሰው ነው። እስቲ አስቡት! ስኮትላንድን ከማንም በላይ ስኮትላንድ አድርገው ያሳዩን ሰዎች ገሚሱ ስደተኞች ናቸው። ስደተኛ የአገሬው ሰው ልብ የማይለውን ያያል፤ የሚገርመው ሁሉም ነገር ስለሆነ ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ እንግሊዛዊ ስለ አየሩ ሁኔታ ሃያ ደቂቃ ሲያወራ ተደንቄ አዳምጬዋለሁ። ዛሬ ሁለት ደቂቃም አልታገሥም፤ ተላምጃለሁ ማለት ነው፤ ለኤዲተር ግን መላመድ በሽታ ነው።

ወደ ጉዳያችን። ይህ ፊልም በዝቅተኛ በጀት የተሠራ ነው ስንል ምን ማለታችን ነው? ከሁሉ ርካሹ ነው ማለታችን አይደለም። በ1927 የወጣው የሲኒማ ሕግ አከፋፋዮችና ሲኒማ ቤቶች የተወሰነ መጠን የአገር ውስጥ ፊልም እንዲያቀርቡ ስላስገደደ፣ ኮታውን ለመሙላት ብቻ በጥድፊያ የሚሠሩ ፊልሞች በ1930ዎቹ እንደ ጉድ ይፈሉ ነበር። ለአንድ ጫማ ፊልም አንድ ፓውንድ እየታሰበ ይሠሩ ነበር። ስድስት ሺህ ጫማ ከሆነ ስድስት ሺህ ፓውንድ፤ በቃ። ፓወል ሙያውን የተማረው እዚያ ነው፤ እንዲህ ያሉ ፊልሞችን ከሃያ በላይ ሠርቷል። የዛሬው ፊልማችን ከነዚያ ይልቅ በእጅጉ የተሻለ ገንዘብ ነበረው። ድህነቱ የሚታየው ከጎረቤቱ አጠገብ ሲቆም ነው።

ጎረቤቱ ማን ነበር? በዚያው 1945፣ ፊልማችን በተሠራበት፣ ለንደን አጠገብ በነበረው በዚያው በዴናም ስቱዲዮ፣ የዱቄት ፋብሪካ ወራሽ በሆነው በዚያው በአርተር ራንክ ገንዘብ፣ ስለ ቄሳርና ስለ ክሊዮፓትራ የሚተርክ ባለ ቀለም ፊልም ይወጣል። ወጪው ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር፤ እስከዚያ ቀን እንግሊዝ ውስጥ ከተሠሩት ሁሉ ውዱ። በጦርነት መካከል ግብፅን እንግሊዝ ውስጥ ገነቡ! ቤተ መንግሥቱ አለ፣ አምዶቹ አሉ፣ አልባሳቱ አሉ፣ ቪቪየን ሊ አለች። ዛሬ ማነው ያንን ፊልም ለማየት በዝናብ የሚመጣ? እኔ ለሙያዬ ስል ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ግማሹን ተኝቼ ነው ያየሁት። ራንክ ለሁለቱም ከፋይ ነበር፤ አንዱ ኪሱን አራቆተው፣ ሌላው ዛሬም ሰው ይሰበስባል።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ እኔን ወደሚያሳብደኝ ነጥብ። ያጡትን በምን ተኩት?

መሪ ተዋናዩን አጡ። ለቶርኪል መጀመሪያ የታሰበው ጄምስ ሜሰን ነበር፤ ሳይሆን ቀረ። ሮጀር ሊቭሲ ተጠየቀ፤ ለቦታው ሲል ክብደት እስከ መቀነስ ደረሰ። ነገር ግን ሊቭሲ በዚያን ጊዜ ለንደን ውስጥ የመድረክ ቴአትር ላይ ነበር፤ በየማታው መጋረጃ ሲከፈት መገኘት አለበት። ቀረጻው ደግሞ በሙል ደሴት፣ በስኮትላንድ ዳር ነው። እንግዲህ ስሙኝ፦ ይህ ከባሕሩ የተወለደ የሚመስለው፣ ድንጋዩን በስሙ የሚያውቅ የሚመስለው ሰው፣ ለዚህ ፊልም አንድም ቀን ስኮትላንድን አልረገጠም። አንድም ቀን! ከሩቅ የምታዩት ሁሉ ምትኩ ነው። ከቅርብ የምታዩት ሁሉ በዴናም ስቱዲዮ የተቀረጸ ነው። ከእናንተ መካከል የነቃ አለ? እጃችሁን አውጡ። አንድም የለም። እኔም፣ ያውም በሙያዬ የማፍርበት ነገር ነው፣ ሰዎች እስኪነግሩኝ ድረስ ስድስት ጊዜ አይቼ አልነቃሁም።

እንዴት አደረጉት? ምትክ ሲመርጡ ፊት አልፈለጉም፤ ከሩቅ ፊት አይታይም። የሰውዬውን አረማመድ ፈለጉ። ምትኩ እንደ ሊቭሲ እንዲራመድ ተደረገ። ሰውን ከሩቅ የምናውቀው በምንድን ነው? እናታችሁ ከገበያ ስትመለስ በመንገዱ ጫፍ ብቅ ስትል ያወቃችኋት ፊቷን አይታችሁ ነው? አይደለም። በእግሯ አጣጣል ነው፣ በነጠላዋ አጣፋፍ ነው።

የእኛን ጉድ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በቪዲዮ ፊልም መሥራት ገና በተጀመረበት ሰሞን በአንድ የፍቅር ፊልም ላይ ረዳት ሆኜ እሠራ ነበር። ቀረጻው ሦስት አራተኛው ሲጠናቀቅ መሪ ተዋናዩ ውጭ አገር የመሄድ ዕድል አገኘና ሄደ። ማን ይፈርድበታል? የቀሩንን ትዕይንቶች በምትክ ለመጨረስ ወሰንን። ጃኬቱን ትቶልን ነበር፤ ቡናማ የቆዳ ጃኬት፣ የግራ ክርኑ የተጣፈ። በቁመት የሚመስለውን የመብራት ሠራተኛችንን አለበስነው፤ ከጀርባው ቀረጽነው፤ ፀጉሩንም ልክ እንደሱ አስቆረጥነው። ጠብ የሚል ነገር የለም ብለን ተማመንን። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ገብቶ፣ ልጅቱ በተለየችው ፍቅረኛዋ ስታለቅስ፣ እሱም ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ለምን? ጃኬቱ ያው ነው፣ ፀጉሩ ያው ነው፤ የመብራት ሠራተኛችን ግን የሚራመደው ሁልጊዜ ገመድ እንደሚጎትት ሰው ትከሻውን ወደ አንድ ወገን ጥሎ ነው። የተለየችው ፍቅረኛ ገመድ እየጎተተ ሄደ! በዚያን ቀን ጥፋቱን ስንወራወር አመሸን። ከዓመታት በኋላ የሊቭሲን ታሪክ ሳነብ ነው የገባኝ፤ እኛ ጃኬቱን ተካነው፣ እነሱ ሰውየውን ተኩት። ይህ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም። አንድ ቀን የሚፈጅ ልምምድ ነው፤ አንድ ቀን ደግሞ ነበረን፤ በጃኬቱ ክርን ላይ ስንጨነቅ አጠፋነው።

ጀልባዋን ሊውጣት የነበረውን የባሕር አዙሪት ላንሣ። ኮሪቭሬከን የተባለው አዙሪት በጁራና በስካርባ ደሴቶች መካከል ያለ እውነተኛ ነገር ነው። ማዕበል ሲሆን ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል። ደራሲው ጆርጅ ኦርዌል እንኳ በ1947 ከልጁና ከቤተሰቡ ጋር በትንሽ ጀልባ እዚያ ገብቶ ለጥቂት ነው የተረፈው። ፓወል በትንሽ ጀልባ ሆኖ፣ በእጅ በሚያዝ ካሜራ፣ እውነተኛውን ውኃ ቀረጸ። ተዋንያኑን ግን እዚያ መክተት አይቻልም፤ አንደኛው ለንደን ቴአትር ላይ ነው፣ ሌሎቹም ነፍስ አላቸው። ስለዚህ ስቱዲዮ ውስጥ በውኃ ገንዳ ትንሽ አዙሪት ሠሩ። ችግሩ የገንዳ ውኃ የገንዳ ውኃ መምሰሉ ነው፤ ጠብታው በጣም ትልቅ ሆኖ ይታያል፣ ቅርጹን ቶሎ ያጣል። ምን አደረጉ? ውኃው ላይ ጄላቲን ጨመሩበት፤ ለልጆች ልደት የምንሠራው ጄሊ የሚሠራበትን ያንኑ ጄላቲን። ውኃው ወፈር ሲል የአዙሪቱ ግድግዳ ሳይፈርስ ይቆማል፣ እንቅስቃሴውም ይከብዳል። ሆሊውድ ውስጥም በ1923 ሙሴ ቀይ ባሕርን ሲከፍል ባሕሩ ጄሊ ነበር። ከዚያ እውነተኛውን ባሕር፣ የገንዳውን ባሕርና ከኋላ በሸራ ላይ የሚታየውን ባሕር አንድ ላይ ቆራርጠው ሰፉት።

እውነቱን ልናገር፤ ስፌቱ በአንዳንድ ቦታ ይታያል። ጀልባዋ ላይ ያሉት ሰዎች ከኋላቸው ካለው ባሕር የተለየ ብርሃን ውስጥ የሚቀመጡባቸው ቅጽበቶች አሉ፤ ዛሬ ማታ አንድ ሁለቶቻችሁ ፈገግ ስትሉም አይቻለሁ። ግን ልብ በሉ፦ የዚያን ትዕይንት ፍርሃት የሚሸከመው ውኃው አይደለም። የሚሸከመው የሞተሩ ዝምታ ነው። ሞተሩ ውኃ ገብቶበት ጠፍቷል፤ ቶርኪል ፈቶ፣ ጠርጎ፣ ሊገጥመው ይጣደፋል፤ እኛ የምንሰማው አዙሪቱ እየቀረበ ሲመጣ ነው፣ የምንጠብቀው ግን አንዲት የሞተር ሳል ነው። ድምፅ! ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ድምፅ ከምስል ይረክሳል፤ እኛ አገር ግን በጀቱ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ሬይመንድ ቻንድለር፣ የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊው፣ ይህን ፊልም አይቶ፣ እንዲህ ነፋስና ዝናብ የሚሸት ፊልም አይቼ አላውቅም ብሎ በደብዳቤ ጽፏል። ነፋስ ደመወዝ አይጠይቅም። ፀጉር ያበላሻል፣ ማይክሮፎን ያስቸግራል፣ ደመወዝ ግን አይጠይቅም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ቁጠባ ግን ይኸኛው ነው። ቤሊንጀርን፣ ሙሽራውን፣ ከበርቴውን ዛሬ ማታ አያችሁት? መልኩ ምን ይመስላል? ወፍራም ነው ቀጭን? አላያችሁትም! በፊልሙ ውስጥ አንድም ጊዜ ፊቱ አይታይም። በሬዲዮ ስልክ የሚመጣ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ፕሮዲዩሰር ይህን በወጪ ዝርዝሩ ላይ ሲያየው ደስ ይለዋል፤ የአንድ ተዋናይ የቀረጻ ቀናት፣ ልብስ፣ ቤት፣ ሁሉም ቀረ። ግን ለቁጠባ ብቻ ነው? ጆአን ባቡር ውስጥ ተኝታ ያየችውን ሕልም አስታውሱ፤ ካህኑ ሰውን ሳይሆን ኩባንያውን ባል አድርገሽ ትቀበያለሽ ወይ ብሎ ነው የሚጠይቃት። ኩባንያ ፊት የለውም። ወጪ ቀንሰው ትርጉም ጨመሩ።

ሙል ደሴት ሄጃለሁ። ባለቤቴ «ለአንድ ፊልም ሲባል?» አለችኝ፤ አዎ፣ ለአንድ ፊልም ሲባል። መርከቡ ወደሚነሣባት ወደብ፣ ኦባን፣ ደረስኩ፤ ነፋስ ሆነና መርከቡ ተሰረዘ። በፊልሙ ውስጥ የገባሁ መስሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ ሲራገም እኔ ስስቅ አንዲት ሴትዮ ልጇን ወደራሷ ሳብ አደረገች። በማግስቱ ተሻግሬ፣ በጠባቡ መንገድ ወደ ካርሴግ ስወርድ፣ ፊልሙ ውስጥ ያያችሁት ያ ቀይ የስልክ ቤት አሁንም ከፏፏቴው ጎን ቆሟል። የተፈጠረ ነገር አልነበረም፤ ፓወል ቦታ ሲመርጥ ያገኘው ነው። በበጋ ውኃው ሲደርቅ ያቆሙት ይመስላል፤ ክረምት ሲገባ የገዛ ድምፅህን አትሰማም። ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የብረቱ ቅዝቃዜ፣ የመስታወቱ ላብ፣ የዛገ ሽታ። በሩን ስዘጋ የፏፏቴው ጩኸት ይቀንሳል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ሳጥኑ እንደ ከበሮ ያስተጋባዋል። ሞባይሌን አውጥቼ ለእናቴ ልደውል ብሞክር ኔትወርክ የለም። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛው ስክሪፕት ጸሐፊ ቁጭ ብሎ ይፈጥረዋል? አገኙት፤ አግኝተውም አልናቁትም።

ሰዓቴን እያየሁ ነው። ሦስት ነጥብ ብዬ ነበር፤ ሁለተኛው ሰዓቱን በልቶብኛል። ሦስተኛውን ላሳጥር።

ፊልሙ ስለ ገንዘብ ምን ይላል? አውቶቡስ ላይ ያለውን ትዕይንት አስታውሱ። ጆአን ተቀምጣለች፤ ሰዎቹ ማን እንደሆነች አያውቁም፤ ስለ ኪሎራኑ ከበርቴ እየተቀባበሉ ያሙታል። ባሕር በከበባት ደሴት ላይ የመዋኛ ገንዳ ያሠራል። ወንዙ በሳልመን ዓሣ ተሞልቶ ሳለ ሳልመን ከግላስጎው ያስመጣል። ማንም አልሰደበውም፤ ሳቁበት ብቻ። እሷ ግን ፊቷን ወዴት ታድርገው? ጆአንን የምትጫወተው ዌንዲ ሂለር እዚህ ላይ አንድ ቃል ሳትናገር የምታደርገውን፣ የአንገቷን መድረቅ፣ ደግማችሁ እዩት።

ታዲያ «ድሆች አይደሉም፣ ገንዘብ የላቸውም እንጂ» የሚለው አባባል ያለ ቅሬታ የምቀበለው ነውን? ለዓመታት እንደ ጸሎት እደግመው ነበር። አሁን ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህን የሚናገረው ማን ነው? ቶርኪል ነው። ቶርኪል ማን ነው? የኪሎራን ባላባት፤ ከበርቴው የተከራያት ደሴት ባለቤት! ደሴት ያለው ሰው «ገንዘብ የለኝም» ሲል ትንሽ ፈገግ ማለት ይፈቀድልናል። ጭሰኛው ቢናገረው ኖሮ አነጋገሩ ሌላ ይሆን ነበር። እኔም ሻይ እያደልኩ ስሰማው ያጽናናኝ እውነት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ መስማት ስለፈለግሁ ጭምር ነው።

የሚደንቀው ግን ፊልሙ ራሱ ይህን ያውቃል። ኬኒን አትርሱ። ጆአን ባሕሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ እንዲያሻግራት ለወጣቱ ኬኒ 20 ፓውንድ ትሰጠዋለች። ለእሷ 20 ፓውንድ ምንድን ነው? ለእሱ ግን የጀልባ ግማሽ ድርሻ ነው፤ ድርሻው ካለው ብራይዲን ያገባል። ያ ልጅ ከሞት ጋር የሚደራደረው በስስት አይደለም፤ በፍቅር ነው። ብራይዲ ጆአንን ፊት ለፊት ስትጋፈጣት፣ የእኛን ሰው ነፍስ በገንዘብ ለመግዛት መጣሽ ማለቷ ነው። ይህ ትዕይንት ባይኖር ፊልሙ የባላባት መጽናኛ ሆኖ ይቀር ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ በየወሩ ወደ አገር ቤት ገንዘብ ስንልክ፣ ለእኛ ምንም ያልሆነው ገንዘብ እዚያ አንድን ወጣት ወዴት እንደሚያሻግረው፣ በምን ጀልባ እንደሚያሻግረው የሚያስብ ስንቶቻችን ነን? ልተወው፤ ይህ ሌላ ምሽት ይፈልጋል።

ስለ ድግሱም ሳልናገር አላልፍም። ሽማግሌዎቹ ባልና ሚስት የጋብቻቸውን ስድሳኛ ዓመት ያከብራሉ። ከበርቴው ለሠርጉ በገንዘቡ ያስመጣቸው ሦስት የስኮትላንድ ቧንቧ (ባግፓይፕ) ነፊዎች በማዕበሉ ምክንያት መሻገር አቅቷቸው እዚያው ቀርተዋል፤ ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ ይነፋሉ። የተከፈለበት ሙዚቃ ላልከፈለው ደረሰ! ጆአንና ቶርኪል መሰላል ላይ ሆነው ቁልቁል ያያሉ፤ እሱ በጌሊክ፣ በስኮትላንድ የጥንት ቋንቋ፣ የሚዘፈነውን ዘፈን ቃል በቃል ይተረጉምላታል፤ መጨረሻ ላይ ስለ ልጅቱ የሚለውን ስንኝ ሲተረጉም ዓይኑን ከዘፋኞቹ አንሥቶ ወደሷ ያዞራል። በዚያች ቅጽበት መሳሳም የለ። ትርጉም ብቻ ነው። ለሰው የተረጎመ ሁሉ፣ ለእናቱ ሐኪም ፊት የተረጎመ፣ ለጓደኛው ዘፈን የተረጎመ፣ አንድን ቃል አፍ ውስጥ ይዞ ልበለው አልበለው ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል።

እንግዲህ ጥያቄና መልሱ ከመጀመሩ በፊት፣ ማሽኑ ዘንድ ያለኸው ወንድሜ፣ የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች እንደገና ልታሳየን ትችላለህ? መብራቱንም አጥፉልኝ። ነፋሱ ጋብ ብሏል፤ ቶርኪል ከጆአን ተለይቶ፣ ማክኒሎች እንዳይገቡበት በተረገመው በሞይ ግንብ ሊገባ ነው። ከሩቅ፣ በሣሩ ላይ ወደ ግንቡ የሚሄደውን ሰው እግር ልብ በሉ፤ እሱ ሊቭሲ አይደለም። ውስጥ ገብቶ ደረጃውን የሚወጣው፣ ከእርግማኑ ጽሑፍ አጠገብ የሚቆመው ሊቭሲ ነው፤ ማታ ቴአትር ያለበት፣ ለንደን አጠገብ ያለ ስቱዲዮ ውስጥ የቆመ ሰው። የተቆረጠው በሩ ላይ ነው። ቧንቧዎቹ ከውጭ መሰማት ሲጀምሩ ፊቱን እዩት፤ ከዚያ ከግንቡ አናት ቁልቁል፣ ከሦስት ነፊዎች ጋር እየተራመደች ወደምትመጣው ሴት ስንመለከት፣ ሰውየው ያለበትንና ሴቲቱ ያለችበትን አገር ንገሩኝ። ይኸው፣ ጀመረ።